ከእሱ በቀር የነካው የለም

ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም። ለባለቤቴ አልነገርኩም፤ ለልጆቼም አልነገርኩም። በጸሎት ቡድናችን ኃጢአታችንን እርስ በርሳችን እንናዘዛለን። እኔም በተራዬ ቁጣዬን፣ ሐሜቴን፣ በሥራ አሳብቤ የተውኩትን ጸሎት ስናዘዝ ኖሬያለሁ። ትንንሾቹን እያቀረብኩ ትልቁን ሸሸግኩት። ለእግዚአብሔርም ቢሆን በስሙ ጠርቼ አልነገርኩትም። «ድካሜን ታውቃለህ» ብዬ አልፈው ነበር። ድካም! ምኑ ነው ድካም? በደንብ የቆምኩበት፣ ድምፄን ያልነሳኝ፣ እንቅልፌን እንኳ ያልወሰደብኝ ነገር ነው።

የሠራሁት በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልቃል። በአንድ ንጹሕ ሰው ላይ «ከእሱ በቀር የነካው የለም» አልኩ። የነካሁት እኔ ነበርኩ።

አስቴር እባላለሁ። የምኖረው አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ነው። አራት ልጆች አሳድጌያለሁ፤ አራቱም በሕይወት አሉ፣ አራቱም እንጀራቸውን ይበላሉ። ለዚህ እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ፤ ይህ ምስጋናዬ እውነት ነው። ባለቤቴ ተስፋዬ ጡረታ የወጣ መምህርና የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ነው። ሰው በእሱ ቃል ይታመናል። በእኔም ቃል ይታመኑ ነበር፤ ጥፋቱም ከዚህ ጀመረ።

የበኩር ልጄ ናትናኤል ለመስቀል ከአዲስ አበባ መኪና ይዞ መጣ። አሁን አምስት ዓመት ሆነው። መኪናዋ የፊተኛው መኪና ሲዘገይ በራሷ የምትዘገይ፣ ሲፈጥን በራሷ የምትከተል ናት። ክሩዝ ኮንትሮል ይሉታል። ናትናኤል እጄን ይዞ ወደ ፊቷ ወሰደኝና ዓርማውን አሳየኝ።

«እማዬ፣ ከዚህ ጀርባ ዓይን አላት» አለኝ። «ከፊቷ ያለውን የምታየው በዚህ ነው።»

«ታዲያ ፍየሏን ምነው ሳታያት ቀረች?» አልኩት።

ሳቀ። በመጣበት ዕለት ከምዕራብ ዓባያ አለፍ ብሎ ፍየል ከጎን ዘላ ገብታበት ነበር። ፍየሏ ተርፋለች፤ የፊት ባምፐሩ ግን በአንድ በኩል ተላቆ ተንጠለጠለ። እሱን የመለሰው ዳዊት ነው።

ዳዊት ሲቀላ ውስጥ ትንሽ ጋራዥ ነበረችው። የመኪና ኤሌክትሪክ አዋቂ ነው፤ በቤተ ክርስቲያናችንም ከመዘምራን አንዱ ነበር። እናቱ ባሎቴ ሸክላ ሠሪ ናት።

ይህን መጨረሻ ላይ ያልኩትን ለምን ጻፍኩት? እኛ ዘንድ ትርጉም ስላለው ነው። በጋሞ ሸክላ የሚሠራና ቆዳ የሚፍቅ ቤተሰብ ከሌላው ጋር አይጋባም ነበር፤ ማዕድም አይቆርስም ነበር። ወንጌል ሲመጣ በአንድ አግዳሚ ወንበር ተቀመጥን፣ «በክርስቶስ አንድ ነን» ብለን ዘመርን። ከዚያ ወደየቤታችን ገብተን በራችንን እንደ ድሮው ዘጋን። እኔ ከዘማሪዎቹ ሁሉ ድምፄ ከፍ ይል ነበር። ባሎቴ በሠራችው ድስት ሃያ ዓመት ወጥ ሠርቻለሁ። ባሎቴን ግን አንድ ቀን ማዕዴ ላይ አስቀምጬ አላውቅም።

ዳዊት ማርታ የምትባል ልጅ ይወድ ነበር። አብራው የምትዘምር፣ አባቷ ጫኖ ላይ የሙዝ እርሻ ያለው፣ ከጥንት ባለመሬት ቤት የተወለደች ልጅ ናት። እሷም ትወደው ነበር። የሸክላ ሠሪ ልጅ ብቻውን ሄዶ እንዲህ ያለውን ቤት አያንኳኳም። ባለቤቴ ሽማግሌ ሆኖ አባቷን ሊጠይቅለት ቃል ገባለት። ተስፋዬ ደጅ ቆሞ ስለ ልጁ ታማኝነት ከተናገረ፣ አባትየው እምቢ ለማለት ፊት አይኖረውም ነበር። ቀን ተቆረጠ፤ ከመስቀል በኋላ ባለው ቅዳሜ። እኔ በልቤ አልወደድኩትም። ዛሬ ለእነሱ ከጠየቅን ነገ የእኛን ልጅ ይጠይቁናል ብዬ ነው። አፌ ግን «ጌታ ይባርካቸው» ይል ነበር። አፌ ምን ጊዜም ከልቤ ይልቅ ክርስቲያን ነበር።

አሁን ወደ ዘይቱ ልምጣ።

ያን ሰሞን አንድ ነቢይ ነኝ ባይ አዳራሽ ተከራይቶ፣ የተጸለየበት ነው የሚለውን ዘይት በትንንሽ ጠርሙስ ያድል ነበር። የወይራ ዘይት ነው፤ ሽቶ ተጨምሮበታል። ሽታው ከሰውየው ቀድሞ ይደርሳል። ባለቤቴ ይህን ነገር በግልጽ ተቃውሞ አስተምሯል። እኔማ ከማስተማር አልፌ አላግጬበታለሁ። ከሴቶች ኅብረታችን አንዲት እህት ለታመመ ልጇ ከዚያ ዘይት መውሰዷን ስትነግረን፣ «እህቴ፣ ጌታ ጠርሙስ ውስጥ ገባ እንዴ?» አልኳት። ሴቶቹ ሳቁ። እሷ አንገቷን ደፍታ ወጣች። የምታስቅ ሴት ነበርኩ፤ ተመልከቱኝ!

ናትናኤል በመጣ በሦስተኛው ቀን ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ተከናንቤ ወደዚያ አዳራሽ ሄድኩ። ፍየሏ ከሐሳቤ አልወጣ አለችኝ። ፍየል ነበረች፣ በመመለሻው የጭነት መኪና ቢሆንስ? እናት ነሽ፣ ፈርተሽ ነው ትሉኝ ይሆናል። ፍርሃቱ የእናት ነበር። መከናነቡ ግን የማን ነበር?

ሰውየው «የመኪናዋን ፊት ቀቢው» አለኝ። እኔ ከእሱም ብሼ ተገኘሁ። ፊቷን ብቻ ለምን? ዓይን አላት ተብዬ የለ? በማለዳ፣ ቤቱ ሳይነቃ፣ ዓርማው ላይ ጠርሙሱን ሙሉ አፍስሼ በመዳፌ አሸሁት። የሚያየውን ነገር ይባርክልኝ ብዬ የሚያይበትን ደፈንኩ። ይህን ሞኝነት ከእኔ በቀር ማን ይሠራዋል? ባዶውን ጠርሙስ ከሙዝ ልጣጭ ጋር ጣልኩት።

በዚያው ቀን ናትናኤል አክስቱን ሊጠይቅ ጫኖ ወሰደን። ወደ እርሻው የሚያስገባው መንገድ አቧራ ነው። ስንመለስ፣ አስፋልት ላይ ከወጣን በኋላ፣ በመሪው ፊት ቢጫ መብራት በራ። የክሩዝ ኮንትሮሉን ቁልፍ ቢጫነው መኪናዋ አልታዘዝ አለች። ቤት ደርሶ አጠፋት፣ ቆየና አስነሳት፤ መብራቱ ተመልሶ በራ። ፊውዞቹን አየ፤ ደህና ናቸው። በስልኩ መመሪያውን አነበበ። «የፊቱን አጽዳ ይላል» አለና በደረቅ ሶፍት አበሰው። አቧራውን ከዘይቱ ጋር ለወሰው እንጂ አላጸዳውም። ሶፍቱን አይቶ ከባምፐሩ ሥራ የቀረ ግሪስ መሰለው። ዳዊትን ጠራው።

ዳዊት ከመሪው ሥር የሚሰካ ትንሽ መመርመሪያ ይዞ መጣ። ሰካው፣ አነበበው።

«ሴንሰሩ፣ ማለት ዓይኗ፣ ምንም አልሆነም» አለ። «ፊቱ ተሸፍኖበት ነው። አላይም ነው የሚለው።»

«አንተ ከነካሃት በኋላ ነዋ ማየት የተወችው» አለ ናትናኤል።

ዳዊት አልተቆጣም። ተንበርክኮ ዓርማውን በጣቱ ነካ፣ ሁለት ጣቶቹን አሻሸ፣ ወደ አፍንጫው አስጠጋ። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ። ያን ሽታ ያን ሰሞን ያላወቀ የከተማ ሰው አልነበረም።

«እትዬ፣ እዚህ ላይ ዘይት ያደረገ ሰው ይኖር ይሆን?» አለኝ፣ ቀስ ብሎ።

«የምን ዘይት ነው? የራስህ ግሪስ ነው!» አለ ናትናኤል።

«ግሪስ ሽቶ አይሸትም ናቲ።»

ባለቤቴ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ነበር። መነጽሩን አውልቆ ወደ እኛ ዞረ። ናትናኤል ወደ እኔ ተመልሶ፣ «እማዬ፣ ሌላ የነካት ሰው አለ?» አለኝ።

ያኔ ነው። ሰከንድ አትሞላም። «እኔ ነኝ» ብል ምን ይደርስብኝ ነበር? ልጄ ይስቅብኝ ነበር። ባለቤቴ ለሁለት ቀን ያኮርፈኝ ነበር። ያቺ ያሳቅሁባት እህት ትሰማ ነበር። ይኸው ነው በሙሉ። ከዚህ በላይ የምከፍለው አልነበረኝም።

«ከእሱ በቀር የነካው የለም» አልኩ።

እዚያ ላይ ባቆምም አንድ ነገር ነበር። አላቆምኩም። ወደ ቤት እየዞርኩ፣ ባለቤቴ እንዲሰማ አድርጌ፣ «ምን ይጠበቃል፤ የማን ልጅ ነው» አልኩ።

ናትናኤል ከእኔ ቃል ተነስቶ የቀረውን ራሱ ሠራው። «ሴንሰሩን ቀይረኸዋል። ጥሩውን አውጥተህ አሮጌ ከተሃል!» አለው።

ዳዊት ቀልድ መስሎት ሳቀ። «አርባ ምንጭ ውስጥ ይህን ማን ይገዛኛል ናቲ? አዞ?»

ማንም አልሳቀለትም። ፊቱ ተለወጠ።

«ሳሙናና ሙቅ ውሃ ስጡኝ» አለ። «ልጠበው፤ ከዚያ ትንሽ እንንዳት። መብራቱ ካልጠፋ ያኔ ያላችሁትን በሉኝ።»

«ዳግመኛ አትነካትም» አለ ልጄ።

ሳሙናው እጄ ላይ ነበር ማለት ይቻላል፤ ወጥ ቤቴ አሥር እርምጃ አይርቅም። ቆሜ አየሁት። መሣሪያውን ጠቅልሎ፣ ለባለቤቴ እጅ ነስቶ ወጣ። ባለቤቴ እጁን አልዘረጋለትም።

በማግስቱ ማለዳ ዓርማውን በሳሙናና በሙቅ ውሃ አጠብኩት፤ ልክ ዳዊት እንዳለው። ዕውቀቱን ከሌባው ወሰድኩ። ወደ ላይኛው የከተማው ክፍል፣ ወደ ሴቻ ስንወጣ፣ ዳገቱን እንደጨረስን፣ ናትናኤል «እማዬ፣ መብራቱ ጠፋ!» ብሎ ጮኸ። «ጌታ ይመስገን» አልኩ።

ጥቂት ነዳ። ከዚያ «ሴንሰሩ ከሠራ ግን ዳዊት...» ብሎ ጀመረ። ልጄ ሞኝ አይደለም። እውነቱ በሩ ላይ ደርሶ ነበር። እኔ ነኝ የመለስኩት።

«ስጸልይበት ነበር» አልኩት። «የእግዚአብሔርን ሥራ ለሰው አትስጥ።»

አመነኝ። እናቱ ነኛ! ተአምር ከሆነ አስቀድሞ የተበላሸ ነገር ነበር ማለት ነው። የተበላሸ ነገር ካለ ደግሞ ያበላሸ አለ። የእግዚአብሔርን ስም የዳዊት ሌብነት ማስረጃ አደረግኩት።

እሑድ የምስክርነት ጊዜ ሲደርስ ወጣሁ። ማንም አልገፋኝም። ማይክ ጨብጬ፣ ልጄ በመንገድ ላይ ሊደርስበት ስለነበረው አደጋ፣ ሰው ስላበላሸው ነገርና ጌታ በጸሎት ስላስተካከለው ተናገርኩ። ስም አልጠራሁም። እንዲህ ዓይነት ጨዋ ነበርኩ። ስም መጥራትም አላስፈለገኝም፤ ሲቀላ ትንሽ ናት፣ ባምፐሩን ማን እንደሠራው ሁሉ ያውቃል። ጉባኤው ሃሌሉያ አለ። አንዳንዱ አለቀሰ። ለሳሙና አለቀሱ! ዳዊት ከመዘምራኑ መሐል ቆሞ ነበር። ሃሌሉያ አላለም፣ አንገቱንም አልደፋም። አየኝ ብቻ። እኔም እያየሁት «ክብር ለእሱ ይሁን» ብዬ ወረድኩ።

«በሐሰት አትመስክር» የሚለውን ሕግ ለሕፃናት ክፍል ዘጠኝ ዓመት አስተምሬዋለሁ። ሕፃናቱ በቃላቸው ያውቁታል።

ማክሰኞ ዕለት ዳዊት ቤታችን መጣ። ባለቤቴ ሴቻ ሄዶ ነበር። ግባ አላልኩትም። በሩን ይዤ ቆምኩ።

«እትዬ፣ ማን ቀባው አልልም» አለኝ። «ዘይት ነበረበት ብቻ ይበሉልኝ። ለጋሽ ተስፋዬ አንድ ቃል። ቅዳሜ ሊሄዱልኝ ነው፤ ያውቃሉ።»

አውቅ ነበር። የመጣበትን ሁሉ አውቅ ነበር። እኔን እንኳ ሸፍኖ የሚያልፍበትን መንገድ እሱ ራሱ አዘጋጅቶ አመጣልኝ። ምን አልኩት?

«ልጄ፣ እጸልይልሃለሁ» አልኩት። በሩንም ዘጋሁ።

ከዚህ የረከሰ ቃል ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። ስድብ ብሰድበው ይሻል ነበር። ስድብ ቢያንስ ስድብ መሆኑን ያውቃል።

ባለቤቴ ዓርብ ማታ እራት ላይ፣ «በምን አፌ ስለ ታማኝነቱ ልናገር? ሌላ ሽማግሌ ይፈልግ» አለ። እኔ ወጥ ጨመርኩለት። ሌላ ሽማግሌ አልተገኘም። የማርታ አባት ሲፈልገው የነበረውን ምክንያት በነጻ አገኘ፤ «በዘሩ አይደለም፣ በጠባዩ ነው» እያለ ለሰው ሁሉ ነገረ። ማርታ ብዙ አለቀሰች ሲሉ ሰማሁ። በዓመቱ ወላይታ ሶዶ ተዳረች። የዳዊት ጋራዥ ደንበኛ አጣች። ዕቃ ይቀይራል የተባለ መካኒክ ጋ ማን መኪናውን ይተዋል? ዘግቷት ጂንካ ወረደ። አላገባም ይላሉ።

ዘይት ቀቢው ሰውዬም ከተማውን ለቆ ሄዷል። እሱን ለረጅም ጊዜ ስንቀው ኖርኩ። አጭበርባሪ ነው። ግን እሱ ያጭበረበረው እየፈቀድን ነው፤ የማንንም ልጅ ሌባ አላለም። ከእኔና ከእሱ ማን ይብሳል? ይህን ጥያቄ ለራሴ ጠይቄ መልሱን እያወቅሁ ወደ እሑድ አምልኮዬ ስሄድ ነው የኖርኩት። የሴቶች ኅብረት ሰብሳቢ ሆኛለሁ። ልጆቼ ደህና ናቸው። ለሁሉም አመሰግናለሁ፤ ምስጋና የማያልቅባት ሴት ይሉኛል። እግዚአብሔር ለምን እንዲህ ዝም ብሎ ባረከኝ? አንዳንዴ ቸርነቱ ያስፈራኛል። የቀጣኝ ቢሆን ተቀጣሁ ብዬ በተገላገልኩ።

ከዚህ ቀደም ጽፌው ቢሆን ኖሮ እዚህ ላይ «ይቅር በሉኝ» ብዬ እጨርስ ነበር። ያለፈው እሑድ ግን ከአምልኮ ስንወጣ ባሎቴ በር ላይ ጠበቀችኝ። የዳዊት እናት። አርጅታለች፤ ጭቃ ስትረግጥ የኖረ ጉልበቷ አላስኬድ ብሏታል። እጄን በሁለት እጇ ያዘችው።

«እትዬ አስቴር፣ የእርስዎን ጸሎት ጌታ ይሰማል» አለችኝ። «ያን ቀን ሲመሰክሩ እዚያው ነበርኩ። ለልጄ ይጸልዩልኝ። ስለሰረቀው ነገር ንስሐ እንዲገባ።»

 

«ለእሱ ብዬ ሐሙስ ሐሙስ እጾማለሁ» አለች። «ከሄደ ጀምሮ አንድም ሐሙስ አልበላሁም። አልሰረቅኩም ይለኛል፤ አላመንኩትም። እርስዎ ቆመው የመሰከሩትን እንዴት አላምንም?»

አምስት ዓመት። ልጁን ከማርታ ብቻ የለየሁት ይመስለኝ ነበር። ከእናቱም ለይቼዋለሁ። እኔ ለልጄ ፈርቼ ጠርሙስ አንስቼ ሮጥኩ፤ ሌላዋን እናት ግን የወለደችው ሌባ ነው ብላ እንድትራብ አደረግኳት።

ያንኑ ጊዜ፣ እዚያው በር ላይ ነገርኳት ብላችሁ ታስባላችሁ? «እሺ፣ እጸልያለሁ» ብዬ ወደ ቤቴ ሄድኩ። እንዲህ ዓይነት ሰው ናት የምትጽፍላችሁ።

ስለዚህ ይቅርታችሁን አልጠይቅም። «እናት ናት»፣ «ሰይጣን አሳስቷት ነው»፣ «ጌታ መሐሪ ነው» አትበሉልኝ። መሐሪነቱን አውቃለሁ፤ አምስት ዓመት ተደብቄበታለሁ። ይህን ወረቀት ዛሬ ምሳ ላይ ለባለቤቴ እሰጠዋለሁ፤ ለናትናኤልም እልከዋለሁ። እሑድም እዚያው ቆሜ አነበዋለሁ፤ ሃሌሉያ የሚል ካለ ይበል። ከእናንተ መካከል ዳዊት ዕቃ ይቀይራል ሲባል የሰማ ካለ፣ ከእኔ የወጣ ወሬ ነው።

ባሎቴ ግን ማንበብ አትችልም፤ እሑድን እስክትጠብቅም አልተዋትም። ዛሬ ረቡዕ ነው። ቤቷን በቅጡ አላውቀውም፣ ገብቼበት አላውቅም፤ ጠይቄ አገኘዋለሁ። በምስክርነት ባማርኩበት ቋንቋ ሳይሆን በጋሞኛ፣ በር ላይ ቆሜ፣ ሳልቀመጥ እነግራታለሁ። ተንበርክኬ ብዙ ላለቅስ ለራሴ ቃል ገብቻለሁ፤ እንባዬን መጥረግ የእሷ ሥራ እንዳይሆን። የምላት ይህን ብቻ ነው።

እማማ ባሎቴ፣ ነገ ይብሉ። ልጅዎ አልሰረቀም።